ሠላሳ ሜትር

ፋርማሲው ፒያሳ፣ ከደረጃው በላይ፤
ወረቀቱን ሰጠሁ፣ አየኝ ቀና ብሎ፣
ሳቁን ዋጥ አድርጎ ወደ ጣሪያው ቢያይ
ያሰበው ገባኝ፣ አፉን ሳይከፍት፣ ችሎ።

«እማማ፣ ለማን ነው?»
«ለባሌ።»
«ዕድሜያቸው?»
«ስልሳ ዘጠኝ።»
ከኋላዬ የቆሙትን ሁለት ጎረምሶች
ድንገት ሳል ያዛቸው።

ሳሉ፣ ልጆቼ፣ ሳሉ፤ ሳል እኔ ቤት አለ፤
ሌሊቱን ሲቆፍር አድሮ ጎህ ሲቀድ ያልዛለ።
ይኸ ሰማያዊ ኪኒን የይመር ሳንባ ውስጥ በር የሚከፍት ነው፣
ማለፊያ አጥቶ ከደጅ ለቆመ ደም፣ መሽቶበት ለቀረው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ፤
ድርና ማግ ሲያስታርቅ፣
የተበጠሰ ክር በምላሱ አርጥቦ ሲቋጥር፣
ማሽኑ ሲያጓራ በእጁ ሲነጋገር።
ጡረታ ሲወጣ ደሴ ገባን፣ ካባቱ ቤት፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር፤
የጦሳ ጉም ደጃፋችን ድረስ ወርዶ ሲያድር
ይመር አየር ይፈልግ ጀመር።

ዶክተር ምንትዋብ ፊልሙን መብራቱ ላይ ሰቀለች፣
«ይኸውላችሁ ጠባሳው፣ ይኸውላችሁ ክሩ» አለች።
ጥጡ ይሁን ሌላ፣ መነሻውን አላወቀችም፤
አላውቅም ለማለትም አላፈረችም።
ይመር አየውና ፈገግ አለ፣ ሥራውን አውቆ፦
«ጥሩ ሸማኔ ነው፤ ሸምኖታል አጥብቆ።»
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤
አንበሳው ደረት ውስጥ ያለው መሆኑን ማን ይገምታል?

ሳንባው ሲጠብ ልብ ይገፋል፤
የቀኙ፣ ያ ደካማው፣ ሲገፋ ውሎ ይሰፋል፤
እግር ያብጣል፣ ከንፈር ይጠቁራል፤
ሰው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ብሎ እዚያው ይቀራል።

አንዱ መድኃኒት አልበቃ አለ።
በአራተኛው ወር ሁለተኛው ተጨመረ፤ ስሙን እኔ አልጠራውም፤
ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ይመጣል እንጂ እዚህ አይሸጥም፤
በየወሩ ጉበቱን ያስመረምራል፤
ዋጋውን ጡረታው አይደርስበትም።

«በሁለት በር ነው» አለች ዶክተሯ፣ «አንዱ ይህን፣ አንዱ ያንን ይከፍታል።
ግን ልንገራችሁ፣ ማስረጃው ቀጭን ነው፤ ለሌላው የበጀ ለዚህ ላይበጅ ይችላል።
ቦርከና ዳር መስኖ አይታችኋል? ቦዩን ስትከፍቱት
ውኃው የለማውን ብቻ አይመርጥም፤ ጠፉንም፣ ድንጋዩንም ያጠጣል።
ደሙም ወደ ሞተው ሳንባ ከሄደ አየር ሳይዝ ይመለሳል።
እየለካን እንሂድ። ደግሞ ከዚህ ከፍታ ውረዱ።»

ወረድን።
ሐረጎ ላይ፣ በየጠመዝማዛው፣ ጣቱ ላይ ያለችውን መለኪያ አያለሁ፤
ሰባ ስምንት። ሰማንያ አንድ። ሰማንያ አራት።
ሰው ሲወጣ ነው ከፍ አለ የሚባል፤
የኔ ባል ሲወርድ ከፍ አለ።
ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል
ይመር በግማሽ ትንፋሽ፦ «ከደሴ ጀምሮ እየወረድኩ ነው።»

በስድስት ደቂቃ ስንት ይራመዳል?
ሲስተሯ ሰዓቷን ይዛ፣ ኮሪደሩ በሜትር ተለክቶ፣
በአንዱ ኪኒን መቶ ስልሳ፤
በሁለቱ፣ ከሦስት ወር ኋላ፣ መቶ ዘጠና።
ዶክተሯ ጻፈችው፤ አልሳቀችም።
«ከመውረዱም ሊሆን ይችላል» አለች።

ሠላሳ ሜትር ለናንተ ምንድን ነው?
ታክሲ እንዳያመልጣችሁ የምትሮጡት።
ለኛ ከአልጋው እስከ በሩ አሥራ አንድ፣
ከበሩ እስከ አትጠገብ አጥር ሰባት፣
የቀረው አሥራ ሁለት እስከ ፋብሪካው አውቶቡስ መቆሚያ።
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ፈረቃ ሲለወጥ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፤
ፀጉራቸው ላይ ጥጥ የበነነባቸውን ልጆች ያያል፤
«አፋችሁን ሸፍኑ» ይላል።
አይሰሙትም፤ ድምፁ ሠላሳ ሜትር አይሄድም።

ትናንት ቆጠርኩ፦ ከሰማያዊው ሃያ፣ ከሌላው አምስት።
የሚያመጣልን ሰው ስልኩን አያነሳም።
«አብሽሪ» ይለኛል።
ሁለቱን መዳፉ ላይ አኖርኩለት፤
ያችን ውዷን አንሥቶ በመስኮቱ ብርሃን አያት፣
የክር ውፍረት እንደሚለካ፤
«ለሁለት እንክፈላት?»
«አይሆንም» አልኩት።
ዋጣት።

ከዚያ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ።
ቀና እስኪል ትንፋሼን ያዝኩ።